የኦሞድ ሳጥን

ውቤን ያገኙት ከክሊኒኩ ጉድጓድ አጠገብ፣ ጭቃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሞቶ፣ ሻምበል ትንሣኤ ኦቻንግ እስኪደርስ ድረስ አንድ ነጠላ እንኳ ጣል ያደረገበት ሰው አልነበረም። የጋምቤላ ዝንብ ደግሞ ፖሊስ አይጠብቅም። ሻምበሉ እፍኝ የሚሞላ ዝንብ በባርኔጣው አባርሮ የሟቹን ቀኝ እጅ ገልበጥ አድርጎ አየው። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል። ከእጁ ፊት ለፊት የፓምፑ የሽቦ መያዣ ክዳኑ ተፈትቶ ተከፍቷል፤ ካቻቢቴው ጭቃው ላይ ወድቋል።

«መብራት ነው የመታው» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

ተናጋሪው የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አቶ ፍሬሰንበት ነው። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ሳንቃ አስነጥፎ ሳንቃው ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ተተኩሷል፤ አልኮል የነከረው መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዟል። ከእግሩ ሥር የወደቀው ሰው የክልሉ የመብራት ባለሙያ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ግቢ አብሮት ሻይ ጠጥቷል። አሁን ግን እንደ ተደፋ ቆሻሻ እየሸሸው ያወራል።

ጋምቤላ ክልል አሥራ ሁለት የተባለችበት ጊዜ ነው። አዳዲስ ቢሮዎች ተከፍተዋል፣ አዳዲስ ማኅተሞች ተቀርጸዋል፣ አዳዲስ ኃላፊዎች አዳዲስ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የከተማው ጄኔሬተር ግን ያው አሮጌው ነው፤ እሱም ናፍጣ አጥቶ ከተኛ ሰንብቷል። ቀንም ሌትም ኃይል ያለው ይህ ባሮ ዳር ያለ ክሊኒክ ብቻ ነው። ጣራው ላይ የሶላር ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ከፀሐይ የሚሰበስቡት ኃይል ባትሪ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ እንደ ከተማ መብራት ያደርገዋል። ከዚያ በውጭው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንድ የብሬከር ሳጥን በኩል አልፎ ወደ ክትባቱ ፍሪጅና ወደ ጉድጓዱ ፓምፕ ይሄዳል። የሳጥኑ ማንሻ ሲዘጋ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ሻምበሉ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ሳጥኑ ሰው ቆሞ በሚደርስበት ከፍታ ተሰቅሏል፤ ከላዩ ዝናብና ፀሐይ የሚከላከል የቆርቆሮ ባርኔጣ ተሠርቶለታል። ክዳኑ ድፍን ነው፤ በስንጥቁ በኩል ማንሻው ብቻ ብቅ ብሏል።

«ማንሻው ወደ ታች ነው። ሰው ነክቶታል?»

«ማንም አልነካም» አለ ፍሬሰንበት። «ፓምፑ ቆመ ብዬ አስጠራሁት። መጣ፤ ማንሻውን ራሱ አወረደና ወደ ጉድጓዱ ሄደ።»

«ወደ ታች ማለት ጠፍቷል ማለት ነው?»

«እዚህ ከተማ ያንን የማያውቅ አለ? የኦሞድ ሕግ ነው።»

እውነቱን ነው። ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ የተሰቀለውን ሳጥን ሁሉ የሰቀለው ኦሞድ የሚባል የአኙዋ ሰው ነው። ሠራተኛው ግማሹ አኙዋ፣ ግማሹ ኑዌር፣ የቀረው ደገኛ ነው፤ ብሬከር ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ የሚያነብ በጣት ይቆጠራል። ኦሞድ ስለዚህ ለሁሉም በፀሐይ አስተማረ፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ላይ፣ በርቷል፤ ስትገባ ወደ ታች፣ ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ የኦሞድን ሳጥን ከፍቶ ጽሑፉን የሚፈልግ ሰው የለም። ዘበኛውም፣ ነርሷም፣ ሟቹ ውቤም ማንሻውን አይተው ነው የሚያምኑት።

ሻምበሉ ባትሪ ክፍሉን አስከፍቶ ኢንቨርተሩን አጠፋ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከእታገኝ ግሮሰሪ ሲጮህ የነበረው ቴፕም ያኔ ጸጥ አለ። እታገኝ የፍሬሰንበት እህት ናት። «አሁን ገና ለሟች ክብር ሰጠች» ብሎ አንዱ ፖሊስ አጉረመረመ። ሻምበሉ የሳጥኑን ክዳን ፈታ።

የብሬከሩ ፊደላት በጭንቅላታቸው ቆመዋል። ሳጥኑ ከነብሬከሩ ተገልብጦ ነው የተሰቀለው። ገመዱ ከላይ፣ ከባርኔጣው ሥር ተጠምዝዞ ይገባል። ወደ ታች የወረደው ማንሻ ለካ አብርቷል።

«አዩልኝ?» አለ ፍሬሰንበት። «ገልብጦ ሰቅሎታል። ፊደል ለማያውቅ ሰው ይህን የሚያህል ሥራ ሲሰጥ መጨረሻው ይኸው ነው። የሰው ነፍስ በላ።»

የሻምበሉ ዓይን ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ የሚያየውም ያስጠላል። እንሽላሊት ቤት ሠርታበት ኖሯል። ኩሷ፣ የትንኝ ክንፍና አቧራ ተጋግሮ በላይኛው ወለል ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፏል። ታችኛው ወለል ንጹሕ ነው፤ ጫፏ ነጭ የሆነ አንዲት እርጥብ ኩስ ብቻ አለችበት። ፍሬሰንበት አንዴ ገልመጥ አድርጎ ፊቱን አዞረ፤ ሊያስመልሰው ምንም አልቀረውም። ሻምበሉም ደስ አላለውም። ሆኖም ጣቱን ሰድዶ ላይኛውን ነካው፤ የደረቀ ነው፣ የወራት ነው። ቀጥሎ ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር የያዙትን ጥቁር ብሎኖች ዳሰሰ። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ጣቱ ላይ ቀረ፤ አሸተተውና በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ ክትባቱ እንዳይበላሽ ኢንቨርተሩን አስበራ፤ ሳጥኑ ሥር ፖሊስ አቆመ።

አለቆቹ ግን ነገሩን በአንድ ሰዓት ጨርሰውታል። ሳጥኑን የሰቀለው ኦሞድ ነው፣ ሳጥኑ ተገልብጧል፣ ሰው ሞቷል፤ ኦሞድ ይታሰር። የውቤ ወንድም ከጎሬ መጥቶ ገዳዩ ስሙ ሳይነገረኝ አልቀብርም ብሏል። በዚያ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰኞ ፋይሉ ተዘግቶ እንዲላክ ታዘዘ። ሻምበል ትንሣኤ ትእዛዙን የሰማው ጥርሱን ነክሶ ነው። ሬሳ ሲሸት አፍንጫቸውን የሚይዙ ሰዎች ሐሰት ሲሸት እንዴት ዝም ይላሉ ብሎ ተናደደ።

ኦሞድ ከረቡዕ ጀምሮ ኢታንግ ወፍጮ ቤት ሳጥን ሲሰቅል ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦበት እዚያው ሰነበተ። እሑድ በጀልባ፣ እጁ ታስሮ መጣ። ሚስቱ አጁሉ ሕፃን ልጃቸውን አቅፋ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች፤ ተነሺ ቢሏትም አልተነሣችም።

ሻምበሉና ኦሞድ የአንድ ቋንቋ ሰዎች ናቸው። ሻምበሉ ግን ጸሐፊው እንዲሰማ፣ ነገ የወንዙን ልጅ አዳነ እንዳይባል፣ በአማርኛ ጠየቀው።

«ሳጥኑን ገልብጠህ ሰቅለሃል?»

«እኔ ሳጥን አልገለብጥም ሻምበል። ሕግ አለ። ማንሻ ወደ ላይ፣ በርቷል። ገመድ ከታች ይገባል፤ ከላይ ከገባ ውሃ ይከተላል። ፀሐይ አይመታው፣ ጥላ ይሁን። ሰው ቆሞ ይድረስበት። ይህ መጽሐፍ ላይ ነው፣ ሶላሩን ያመጣው ፈረንጅ አስተምሮኛል።»

«ሰሌዳዎቹ ጣራ ላይ ናቸው። ለምን ሳጥኑንም እዚያው አላደረግኸውም?»

«ሰው መብራት ሲይዘው፣ የሚያጠፋለት መሰላል ይፈልጋል?»

«ከውቤ ጋር ስለዚህ ሳጥን ተጣልታችኋል ይባላል» አለው ሻምበሉ።

«ተጣላን። እሱ ልጆች እንዳይነኩ ከፍ ይበል አለ። እኔ ዝቅ ይበል አልኩ። ቀኑን ሙሉ ጮህን፣ ሰው ሳቀብን። ከዚያ ራሱ ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። ከደረቴ ትክክል ይሁን፣ ታረቅን አለ።» ኦሞድ የታሰረ እጁን ወደ ደረቱ አነሣ። «የውቤ ደረት ነው ሻምበል። በሱ ልክ ነው የሰቀልኩት።»

ነርሷ ዶርቃ ክትባት ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። እጇ በበረኪና ተላልጧል።

«ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ነበርሽ?»

«ዓርብም አዳሬ እዚህ ነበር፤ የማዋልዳት ሴት ነበረችብኝ። ጠዋት ፍሪጁ ዝም ብሏል። አንዳንዴ ያርፋል፣ አልደነገጥኩም። ቀትር ላይ ውቤ ማንሻውን ሲያወርድ በመስኮት አየሁት። ልክ ሲያወርደው ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። ገረመኝ፤ ምነው አጠፋ ስል በራ አልኩ። ወዲያው ጩኸቱን ሰማሁ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለአቶ ፍሬሰንበት። ደንግጠሽ ነው፣ አታውሪው አሉኝ።»

ሻምበሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ውቤ በቅርቡ ሌላ ነገር ብሎሽ ነበር?»

«ባትሪው ሌሊት ሌሊት ያልቃል። ሲነጋጋ ፍሪጁ ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይበርዳል። ውቤ አቶ ፍሬሰንበት ባሉበት፣ ‹ይህን ባትሪ ሌላ ሰው እየጠጣው ነው፤ ስመለስ ሽቦውን እስከ መጨረሻው እየተከተልኩ አየዋለሁ› አለ።» ዶርቃ የተላላጠ እጇን አየች። «ሻምበል፣ የከተብኳቸው ልጆች በኩፍኝ እየታመሙ ነው። ሁለቱ ሞቱ። እናቶቻቸው እዚህ ቆመው ምን ወጋሽብን አሉኝ። እኔም አላውቅም። እጄ ይሆን እያልኩ ሌት ተቀን እታጠባለሁ።»

«ጓንት አታደርጊም?»

«የምን ጓንት ሻምበል? በባዶ እጄ ነው የማዋልደው። ካርቶኑ ስቶር ተቆልፎበታል። ቁልፉ አቶ ፍሬሰንበት ዘንድ ብቻ ነው፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ይላሉ።»

ሻምበሉ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል። ምራቁን ሊተፋ ፈልጎ በነርሷ ፊት ነውር መሰለውና ዋጠው።

ዘበኛው ሷሊህ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣ ነው። ገበሬነቱን አልተወም፤ ዘበኝነቱ ለክረምቱ መደጎሚያ ነው።

«ጌታው፣ ዓርብ ከመሸ በበሩ የገባ የለም፤ ወላሂ። ከሠራተኛው እግቢው ያደሩት ነርሷና አቶ ፍሬሰንበት ናቸው። እታገኝ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ስትፈልግ ትመጣለች።»

«ሌሊት የሰማኸው ነገር የለም?»

«ሌሊት የለም። ሲነጋ ሱብሒ ልሰግድ ከቤቱ ጀርባ ነበርኩ። ብረት ሲፋቅ ሰማሁ። ጦጣ ጣራው ላይ ወጣ ብዬ ሶላቴን አላቋረጥኩም። ስጨርስ ብመጣ ምንም የለም፤ አቶ ፍሬሰንበት እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው።»

«ይህን ትናንት ለምን አልተናገርክም?»

«የልጆቼ እንጀራ ነው ጌታው።»

«ኦሞድም ልጅ አለው።»

ሷሊህ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እውነትዎን ነው። ከተጠየቅሁ እናገራለሁ» አለ።

የመጨረሻዋ እታገኝ ነበረች። ሻምበሉ ግሮሰሪዋ የደረሰው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነው። ቴፑ ይጮሃል። አዳራሹ ውስጥ አሮጌ የላምባ ፍሪጅ ቆሟል። እታገኝ ግን ወደ ጓዳ ገብታ ጠርሙሱ ላብ የሚያንጠባጥብ ሚሪንዳ ይዛለት መጣች። ሻምበሉ ጥሙን መደበቅ አልቻለም፤ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ አወረደው። በዚያ ሙቀት እንዲህ ያለ ነገር ገነት ነው።

«ላምባ ነው የምንጠቀመው» አለች ሳይጠይቃት። «ቴፑም በባትሪ ድንጋይ ነው። እኛ ጋ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው ሻምበልዬ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አዋረደኝ። ቢራው ሞቆ ደንበኛ ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ፤ ቀትር ላይ ተመለሰልኝ እንጂ።»

«ላምባው አልቆ ነው?»

«አዎ... አልቆ።»

ሻምበሉ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ከላምባው ፍሪጅ ሥር፣ የላምባው ክር በሚነድበት ቦታ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። ድሩ ላይ አቧራ ሳይቀር ተኝቶበታል። ቀና ሲል ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቅዝቃዜው የላምባ አይደለም። ሒሳቡን ጥሎ ወጥቶ፣ አጥሩ ጥግ ደርሶ የጠጣውን ሁሉ አስመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሳጥኑ ፊት ሰበሰባቸው። ፍሬሰንበት ሌላ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እታገኝ ከጎኑ ናት፤ ግሮሰሪዋን ለአስተናጋጇ ትታ ስለመጣች ቴፑ እንደወትሮው ይጮሃል። ዶርቃና ሷሊህ ግድግዳውን ተደግፈዋል። የውቤ ወንድም ዓይኑ ቀልቶ ብቻውን ቆሟል። ኦሞድ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው፤ አጁሉ ልጇን አቅፋ ተከትላው ገብታለች፤ ያስወጣት የለም።

«የውቤ ወንድም የገዳዩን ስም እየጠበቀ ነው» አለ ሻምበሉ። «ከሳጥኑ ልጀምር። ኦሞድ ገልብጦ ሰቀለው ተብሏል።»

ክዳኑን ፈትቶ አወጣ። «ቀረብ ብላችሁ እዩ። ያስጠላል፣ ግን እዩ። የእንሽላሊት ኩስ ነው፤ ከወራት ጀምሮ የተጋገረ። የት ነው ያለው?»

«ከላይ» አለ ሷሊህ።

«ወደ ሰማይ የምትጸዳዳ እንሽላሊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኩስ የሚወድቀው ወደ ታች ነው። ይህ ዛሬ ከላይ የሆነው ወለል ወራት ሙሉ ታች ነበር። ሳጥኑ በትክክል ተሰቅሎ ኖሯል፤ የተገለበጠው በኋላ ነው። መቼ? ቅዳሜ ስከፍተው በአዲሱ ወለል ላይ የነበረው አንድ እርጥብ ኩስ ነው። እንሽላሊቷ ከተገለበጠባት ገና የአንድ ቀን ዕድሜ አልሆናትም ማለት ነው። ያን ቀን ኦሞድ ኢታንግ ነበር፤ መንገዱ ተቆርጦ።»

አጁሉ ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች።

«የነርሷ ቃል ሰዓቱን ያጠብበዋል። ጠዋት ፍሪጁ ዝም ብሏል፤ ምክንያቱም የገለበጠው ሰው ማንሻውን ወደ ላይ መልሶ ትቶታል፣ ሳጥኑ ደግሞ ተገልብጧል፤ ወደ ላይ ማለት አሁን ጠፍቷል ማለት ሆኗል። ፓምፑም የቆመው በዚሁ ነው። ፓምፑ ደኅና ነበር። ውቤ መጣ፤ ማንሻውን ወደ ላይ አየ፤ በርቷል ብሎ አመነ። ሊያጠፋ አወረደው። የገደለውን ኃይል በገዛ እጁ አበራ። ፍሪጁ ያኔ የተነሣው ለዚህ ነው።»

የውቤ ወንድም ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ገዳዩ የኦሞድን ሕግ አውቋል። ውቤ ጽሑፍ እንደማያይ፣ ማንሻውን ብቻ እንደሚያምን ያውቃል። አሁን ደግሞ ሳጥን ሲገለበጥ ኃይሉ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ገልባጩ ራሱ ይሞታል። ባትሪ ክፍሉን ከፍቶ ያጠፋ ሰው አለ። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው አየ።

ፍሬሰንበት ፈገግ አለ። «ሻምበል፣ ቁልፍ ይሰረቃል። ነርሷም እዚሁ አድራለች። በእንሽላሊት ኩስ ሰው ሊያስሩ ነው?»

«ነርሷ በበረኪና የተላላጠ ባዶ እጅ ነው ያላት።» ሻምበሉ መሐረቡን ፈታ። «ይህ ነጭ ዱቄት ብሎኖቹ ላይ ነበር። የአዲስ ጓንት ዱቄት ነው። በዚህ ግቢ ጓንት የሚያገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዶርቃ በደም ውስጥ በባዶ እጇ ስታዋልድ፣ ያ ሰው ሳጥን ለመንካት አዲስ ጓንት አጠለቀ። ሷሊህ፣ ሱብሒ ሰግደህ ስትመለስ ማንን አየህ?»

«አቶ ፍሬሰንበትን» አለ ሷሊህ ሳያመነታ። «እጃቸውን ሲታጠቡ። ብረት ሲፋቅ የሰማሁትም ያኔ ነው።»

«ምን ጥቅም አለኝና?» አለ ፍሬሰንበት። ፈገግታው አልጠፋም፤ መሐረቡ ግን ወደ አፍንጫው ወጣ። «ውቤ ወዳጄ ነበር።»

«ኦሞድን ፍቱት» አለ ሻምበሉ።

ፖሊሶቹ ፈቱት። ኦሞድ የእጁን አንጓ እያሸ ወደ ሳጥኑ ቀረበ።

«አጥፋው።»

ኦሞድ በተገለበጠው ሳጥን ላይ ማንሻውን ወደ ላይ ገፋው። ክትባት ክፍል ውስጥ ፍሪጁ ዝም አለ። ከአጥሩ ማዶም ዘፈኑ ቃል መሐል ላይ ተቋርጦ ቀረ። የግሮሰሪው ጠጪዎች ሲያጉረመርሙ ተሰማ።

«አብራው።»

ዘፈኑ ከቆመበት ቀጠለ።

እታገኝ ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ መሬቱን። «ሽቦውን አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በአጥሩ ሥር ቀብሮ ነው ያስገባልኝ። ሰው መግደሉን ግን አላወቅሁም። በማርያም አላወቅሁም።»

«ጥቅሙ ይኸው ነው» አለ ሻምበሉ። «ውቤ ሽቦውን ልከተል አለ። ሽቦው መጨረሻው ቢራ ነው።» ከዚያ ወደ ፍሬሰንበት ዞረ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ሲለው ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን አላለውም። «ኩሱን ብትጠርገው ኖሮ ኦሞድ ዛሬ ወኅኒ ይወርድ ነበር። አንድ ጨርቅ ይበቃህ ነበር። አስጠላህ። በጓንትም ቢሆን መንካት አስጠላህ። ሰው መግደል አላስጠላህም፣ የሕፃናት ክትባት አሙቀህ ማበላሸት አላስጠላህም፣ የእንሽላሊት ኩስ አስጠላህ።»

«ክትባቱ ያን ያህል አልሞቀም» አለ ፍሬሰንበት። «ሌሊት ብቻ ነው። ጠዋት ይበርዳል።»

ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ምን ማለቱ እንደሆነ እሱ ራሱ የገባው አይመስልም። የውቤ ወንድም ሊዘልበት ሲል ሷሊህ ወገቡን አቅፎ ያዘው። ፖሊሶቹ ኦሞድን ባሰሩበት ገመድ ፍሬሰንበትን አሰሩት። ሲወስዱት ሳንቃ ያነጠፈለት አልነበረም፤ በጭቃው ውስጥ ተራመደ።

ኦሞድ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሳጥኑን እያየ ቆሟል።

«በኔ ሕግ ነው የሞተው» አለ። «እኔ አስተማርኩት።»

«ሕግህ ትክክል ነበር» አለ ሻምበሉ። «መልሰህ አቅናው።»

ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ባትሪ ክፍሉ ተዘጋ። ኦሞድ ሳጥኑን ከግድግዳው ፈታ፤ የተጋገረውን ቆሻሻ በባዶ እጁ ፋቀ። በአጥሩ ሥር የሚሄደውንም ሽቦ ቆርጦ ጣለ። ከዚያ ሳጥኑን በቀድሞ ቦታው፣ በውቤ ደረት ልክ፣ ገመዱ ከታች እንዲገባ አድርጎ ሰቀለው።

በዚህ መሐል አጁሉ ቀስ እያለች ወደ ዶርቃ ተጠግታ ነበር። ባሏ ተፈትቷል፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አይታይም። እዚያ ቆማ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ስትሰማ ነበር። የልጇን እጅጌ ሰብስባ ክንዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የመርፌ ጠባሳ አሳየቻት።

«ይሄንን አንቺ ነሽ የወጋሽው» አለች። «የዚህስ፣ ሞቆ ነበር?»

ዶርቃ ጠባሳዋን አየች። ልጁን ተቀብላ ግንባሩን በተላላጠ መዳፏ ዳሰሰች፤ ይሙቅ አይሙቅ በዚያ ፀሐይ ልትለይ አልቻለችም። ልጁን ለእናቱ መልሳ ወደ ክፍሏ ገባች። የፍሪጁን በር ከፍታ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያወጣች ባልዲ ውስጥ ትጥል ጀመር።

ኦሞድ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀ። ባትሪ ክፍሉ ተከፍቶ ኢንቨርተሩ በራ።

«ወደ ላይ?» አለ ሻምበሉ።

«ወደ ላይ» አለ ኦሞድና ማንሻውን አነሣው።

ፍሪጁ አጉረመረመ፤ ማቀዝቀዝም ጀመረ። ውስጡ ባዶ ነበር።